የሽምብራ ዓሣ እየበላን በካሹ ቺዝ ስም መጣላት

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በስልኬ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «ጉድህ ፈላ፤ ያንተን ቺዝ ነክተውታል» ብሎ ጨምሮበታል። ጽሑፉ ካሹና አልመንድ ከሚባሉት የዛፍ ፍሬዎችና ከመሳሰለው ቺዝ የሚሠሩ ትንንሽ ኩባንያዎችን የሚወቅስ ነው። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አማርኛቸው ያምራል፤ ንዴታቸው ግን መረጃቸውን ቀድሞ ደርሷል። ነገራቸው ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ቺዝ የሚለው ስም የተሰረቀ ነው፤ ነገሩ የፈረንጅ ሀብታሞች የትናንት ፈጠራ ነው፤ ውስጡ ኬሚካል እንጂ ምግብ የለም፤ ውሃ ይጨርሳል፤ ዋጋው አይቀመስም፤ በጾም መብላቱ «አልሸሹም ዞር አሉ» ነው፤ ወደ አገር ቤት ከገባ ደግሞ ላም አርቢውን ያደኸያል።

በእርሳቸው ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። አንዱ ላይ ብቆይ፣ ሌላው ላይ ብሮጥ አይፈረድብኝ።

አስቀድሜ የራሴን ልናገር። እዚህ ኦክላንድ አካባቢ የካሹ ቺዝ በምትሠራ፣ ሠራተኞቿ አሥር በማይሞሉ አንዲት ማምረቻ ውስጥ ሁለት ዓመት ግድም ሠርቻለሁ። ስንለያይ በፍቅር አልነበረም፤ የመጨረሻ ወር ደመወዜ እስካሁን እዚያው ነው። ስለዚህ የኩባንያዎች ጠበቃ ነው የሚለኝ ካለ ተሳስቷል። ሙያው ግን ከእኔ ጋር ወጥቷል፤ ቤቴ እስከ ዛሬ እሠራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው ከጽሑፋቸው ግማሹን የሰጡት ለስሙ ነው። ቺዝ ማለት ወተት በሬኔት ረግቶ፣ አጓቱ ተንጠፍጥፎ የሚገኝ ነገር ነው፤ ከዚህ ውጭ ያለውን ቺዝ ብሎ መሸጥ ገዢን ማጭበርበር ነው ይላሉ።

ሬኔት ጥንት ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ፣ ዛሬ ግን በብዛት ከረቂቅ ተሕዋስያን የሚመረት ማርጊያ ነው። ወተት ውስጥ ያለውን ኬዚን የተባለ ፕሮቲን ቆርጦ እርስ በርሱ ያያይዘዋል። ፎርማጆ ስንለው የኖርነው ጠጣር ቺዝ በአብዛኛው በዚህ መንገድ የሚሠራ ነው። የእኛ አይብ ግን ሬኔት የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። እርጎው ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ ለዘብ ባለ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ኮምጣጣነቱና ሙቀቱ ተጋግዘው ያረጉታል፤ አይቡ ወደ ላይ፣ አጓቱ ወደ ታች ይለያያል። በጸሐፊው ትርጉም ከሄድን ከክትፎው ጎን የሚቀርበው አይብ ራሱ ከማኅበሩ ሊባረር ነው። እንዲህ ለማለት እንዳላሰቡ አውቃለሁ፤ ግን ትርጉም ሲያወጡ ጓዳን ዞር ብሎ ማየት ጥሩ ነው።

ቀጥሎ የለውዝ ቅቤን እናንሳ። በአሜሪካ ቅቤ ምን እንደሆነ የሚደነግገው ሕግ ከ1923 ጀምሮ አለ፤ ቢያንስ 80 በመቶ የወተት ስብ ይኑረው ይላል። በዚያው አገር ሌላው ደንብ የለውዝ ቅቤ ቢያንስ 90 በመቶ ኦቾሎኒ ይሁን ይላል። ሁለቱ ሕጎች በሰላም ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሱፐርማርኬት ገብቶ የለውዝ ቅቤ ያነሳ፣ ከየትኛዋ ላም እንደታለበ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ለውዝ የሚለው ስም ራሱ ደግሞ ምን ያህል እንደተንከራተተ ተመልከቱ። የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ አልመንድ ነው፤ አዲስ አበባ መንገድ ዳር በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡልን ለውዝ ግን ኦቾሎኒ ነው። ኦቾሎኒ ደግሞ በዕፅዋት ሳይንስ የባቄላና የአተር ዘመድ የሆነ ጥራጥሬ እንጂ የአልመንድ ወገን አይደለም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም፣ እዚህ ላይ ያወጣው ገበያተኛው ነው፤ ማንም ተታለልኩ ብሎ አልጮኸም።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሶ ያውቃል። ሚዮኮ ሺነር ጃፓን ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የመጡ ምግብ ሠሪ ናቸው። በ2014 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከካሹ ቺዝና ቅቤ የሚሠራ ኩባንያ መሠረቱ። ኩባንያው በኋላ የከተመው ፔታሉማ ላይ ነው፤ ፔታሉማ ደግሞ ድሮ በወተትና በእንቁላል የምትታወቅ ከተማ ናት። በዲሴምበር 2019 የግዛቲቱ የምግብና ግብርና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈላቸው። «ቅቤ» የሚለውን ቃል አንሱ፤ «ላክቶስ የሌለው»፣ «ሆርሞን የሌለው»፣ «ከጭካኔ ነፃ» የሚሉትንም አንሱ፤ ከድረ ገጻችሁ ላይ ላም ያቀፈችውን ሴት ምስልም አውርዱ የሚል ነበር። ላም ማቀፍም በመንግሥት ደብዳቤ ይከለከላል እንዴ ብዬ ያኔ በጣም ስቄያለሁ። ኩባንያው በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ክስ መሠረተ። በኦገስት 2021 የፌዴራል ዳኛው ሪቻርድ ሲቦርግ ውሳኔ ሰጡ፦ «ቅቤ» ይቆይ፣ ምስሉም ይቆይ፣ ከተከለከሉት ቃላት አብዛኞቹ ይቆዩ፤ «ሆርሞን የሌለው» የሚለው ግን ይውጣ፤ ተክልም የራሱ ሆርሞን አለውና። ዳኛው ቀደም ብለው በ2020 በሰጡት ትእዛዝ ቋንቋ እየተለወጠ የሚሄድ ነገር መሆኑን ጽፈው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጸሐፊው ክርክራቸውን አውሮፓ ወስደውት ቢሆን ይረቱ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጁን 2017 ቶፉታውን በተባለ የጀርመን ኩባንያ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ወተት፣ ቅቤና ቺዝ የሚሉት ስሞች ለተክል ምርት አይውሉም ብሏል። ግን እዚያም ቢሆን አስቀድሞ የተፈቀዱ ስሞች ዝርዝር አለ። ፈረንሳዩ፣ ጣሊያኑና ስፔናዊው በየቋንቋው «የአልመንድ ወተት» ማለት ይችላል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ሕዝቡ ሲለው የኖረ ስም ስለሆነ ነው። በሌላ አነጋገር ሕጉ የተሸነፈው በልማድ ነው።

ልማድ ካሉ ደግሞ ከእኛ በላይ ማን አለ? የሽምብራ ዱቄት ይታሻል፣ በትንንሽ ዓሣ ቅርጽ ይቆረጣል፣ ይጠበስና ወጥ ውስጥ ይገባል፤ ስሙ የሽምብራ ዓሣ ነው። ዓይን ያወጣለታል፣ ክንፍ ይሠራለታል፤ እናቴ በተለይ ጅራቱ ላይ ትጨነቅ ነበር። ያንን የበላ ትውልድ «ካሹ ቺዝ» ሲባል መታለል ይሰማኛል ቢል እኔ አላምነውም። ዛሬ አዲስ አበባ ካፌ ገብታችሁ የጾም ማኪያቶ፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ ብላችሁ ታዛላችሁ፤ አስተናጋጁ ግራ አይጋባም። «የጾም» የምትለዋ አንዲት ቃል፣ አውሮፓውያን በስንት ዳኛና በስንት ገጽ የተከራከሩበትን ጉዳይ በሦስት ፊደል ጨርሳዋለች።

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። ፊት ለፊት «ቺዝ» በትልቁ ተጽፎ፣ ከምን እንደተሠራ ከጀርባ በጉንዳን ፊደል የሚደበቅበት ማሸጊያ አለ። እርሱ ነውር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ረቂቅ መመሪያ ላይ «ከተክል የተሠራ» ብሎ በደፈናው ከማለፍ ይልቅ የተክሉ ስም ራሱ ቢጻፍ ይመረጣል ብሏል። ካሹ ከሆነ ካሹ በሉ ነው ነገሩ። ይህ በተለይ አለርጂ ላለበት ሰው የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ጸሐፊው በዚህ በኩል ቢመጡ አብሬያቸው እፈርም ነበር።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፦ የሀብታም ፈረንጅ የትናንት ፈጠራ ነው ወደሚለው። ይህ በጣም ገርሞኛል፤ ምክንያቱም ታሪኩ በቀጥታ የሚወስደን ወደ ጾም ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ክርስቲያኖች በዓቢይ ጾም ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተት፣ ቅቤና እንቁላልም አይበሉም ነበር፤ ልክ እንደ እኛ። ታዲያ ወጥ ቤቶቻቸው ምን አደረጉ? አልመንድ ፈጭተው፣ በውሃ በጥብጠው፣ አጥልለው ወተት አወጡ። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፉ የምግብ አሠራር ብራናዎች ላይ የአልመንድ ወተት የሌለበትን ገጽ መፈለግ ይቀልላል። አንዳንዶቹ ያንን ወተት አሙቀው፣ ኮምጣጤ ጠብ አድርገው፣ ሲረጋ በጨርቅ አንጠልጥለው ያጠልሉት ነበር። ሲወጣ ቅቤ ይሉታል። አሠራሩ ከእኛ አይብ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ በሉ፤ ኮምጣጣ፣ ሙቀት፣ ጨርቅ። የካሊፎርኒያ ሰዎች ያመጡት ባክቴሪያውን፣ ማቀዝቀዣውንና ዋጋውን ነው።

ሦስተኛው ወቀሳ፣ ኬሚካል ነው የሚለው፣ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ጆንያ ከትተዋል።

አንደኛው ዓይነት በስስ በስሱ ተቆርጦ የሚሸጠው ርካሹ ነው። ጀርባውን ብታነቡ ውሃ፣ የኮኮናት ዘይት፣ ስታርች፣ ጨው፣ ማጣፈጫና ቀለም ነው። ካሹም አልመንድም የለበትም። ፕሮቲኑ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነው። ይህንን ጸሐፊው «ባዶ» ቢሉት አልከራከርም፤ ፒዛ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ በላይ የሚናገረው የለም።

ሁለተኛው ዓይነት ትንንሾቹ ቤቶች የሚሠሩት ነው። እኛ እንዲህ እናደርግ ነበር። ማታ ከመውጣታችን በፊት ካሹው በትልልቅ ባልዲ ይዘፈዘፋል። ጠዋት ስንገባ አብጦ፣ በጣት ሲጫኑት ለሁለት ይሰነጠቃል። ውሃው ይደፋል፤ ካሹው ታጥቦ ከጥቂት ንጹሕ ውሃ ጋር ይፈጫል። መፍጨቱ ላይ ነው ሙያው። አንዲት ቅንጣት እንኳ ከቀረች ምላስ ላይ እንደ አሸዋ ትሰማለች፤ አብዝተህ ከፈጨኸው ደግሞ ይሞቃል፤ የምትጨምርበት ባክቴሪያ ይሞትብሃል። ሊጡ እንደ ወፍራም ገንፎ ሲሆን እርጎ ከሚያረጉት ጋር የአንድ ወገን የሆነው ባክቴሪያ ይገባበታል። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን የሚሸተው ካሹ ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስትከፍት ግን አፍንጫህ የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ እናቴ የእርጎ ቅል ስትከፍት የሚመጣው፣ ኮምጠጥ ብሎ ምራቅ የሚያስመጣው ሽታ። ከዚያ ይጨውና በጨርቅ በተሸፈነ ቅርጽ ማውጫ ተጨቁኖ ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል። ሳምንታት ሲቆይ ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ይጠነክራል። ዝርዝሩ ይኸው ነው፤ ካሹ፣ ውሃ፣ ጨው፣ ባክቴሪያ። በዚህ ውስጥ የትኛው ኬሚካል እንደሆነ ጸሐፊው ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ግን የማይችለው ነገር አለ፤ እርሱንም ልናገር። ካሹ ውስጥ ኬዚን የለም። ስለዚህ አይሳብም። ሞዛሬላ ፒዛ ላይ እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው በኬዚን ነው፤ እኛ ያንን ለማስመሰል የካሳቫ ስታርች ስንጨምር ቀልጦ ይወፍራል እንጂ ክር አያወጣም። ይህን ቀምሶ «ሞዛሬላ አይደለም» ያለ ደንበኛ አልዋሸም።

ምግብነቱስ? 100 ግራም ቼዳር የተባለው የወተት ቺዝ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 700 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለው። 100 ግራም ካሹ 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይዟል፤ ካልሲየሙ ግን 40 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። ካሹው በውሃ ስለሚፈጭ ቺዙ ውስጥ የሚቀረው ከዚህም ያንሳል። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ካልተጨመረበት በቀር ጨርሶ የለውም። እንግዲህ «ምግብ የለበትም» ማለት ስህተት ነው፤ «ለልጅ አጥንት በወተት ፈንታ ልስጠው» የሚል እናት ካለች ግን እኔም አይሆንም እላታለሁ። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ኖሮ እኔ ይህን ምላሽ ባልጻፍኩ።

የሚያሳዝነው፣ ኬሚካል ኬሚካል ሲሉ ዋናውን አደጋ ሳያዩት አልፈዋል። የካሹ ቺዝ አደጋው ባክቴሪያ ነው። የላም ወተት ፋብሪካ ሲገባ በአብዛኛው ጀርሙ እንዲሞት በፓስተር ዘዴ ይሞቃል። ጥሬ ካሹ ዘፍዝፎ፣ ፈጭቶ፣ ሞቅ ባለ ክፍል ሁለት ቀን የሚያስቀምጥ ሰው ግን ያንን ደረጃ ከዘለለው፣ ጥሩውንም መጥፎውንም ባክቴሪያ እኩል ቀልቧል ማለት ነው። በ2021 በአሜሪካ በአራት ግዛቶች ውስጥ 20 ሰዎች ሳልሞኔላ በተባለ ባክቴሪያ የታመሙት ከካሹ በተሠራ ብሪ በተባለ ለስላሳ ቺዝ ምክንያት ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ በ2022 ከአልመንድና ከካሹ በተሠራ ቺዝ የተነሳ ሊስቴሪያ ነፍሰ ጡር ሴቶችን አሞ ነበር፤ ሊስቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም የሚራባ ክፉ ነገር ነው። በካሊፎርኒያ የሚመረት አልመንድ ከ2007 ጀምሮ በሕግ ጀርም እንዲገደልለት የተደረገውም ቀደም ሲል የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ስለደረሰ ነው።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ኦቨኑ ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርቼ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ጠርዙ ላይ ሮዝ ነገር አየሁ። ቆንጆ ሮዝ፤ የሕፃን ካልሲ የመሰለ። ለአንድ አፍታ ጠርዙን ፍቄ መሀሉን ልብላው ብዬ አስቤያለሁ፤ ካሹው የ18 ዶላር ነበርና። ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ካሹውን ሳላፈላ አልጀምርም፤ የኮምጣጣነቱን መጠንም በመለኪያ ወረቀት ሳላይ አልቀምስም።

ውሃ ይጨርሳል የሚለው ላይ ጸሐፊው በግማሽ ልክ ናቸው፤ ምናልባትም ከግማሽ በላይ። በዓለም አማካይ ስሌት አንድ ኪሎ የተፈለፈለ አልመንድ 16,000 ሊትር ገደማ ውሃ ሲፈልግ፣ አንድ ኪሎ ቺዝ 5,000 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ከዓለም አልመንድ 80 በመቶ የሚሆነውን የምታበቅለው ደግሞ በድርቅ የምትታወቀው ካሊፎርኒያ ናት። ይህ አይካድም። ግን ሁሉም ውሃ እኩል አይደለም። አልመንዱ በመስኖ ይጠጣል፤ ካሹ በብዛት የሚበቅለው እንደ ኮትዲቯር ባሉ አገሮች በዝናብ ነው። ሚዛኑን ወደ አየር ንብረት ስናዞረው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ለአንድ ኪሎ ጠጣር ቺዝ አሥር ሊትር ገደማ ወተት ያስፈልጋል፤ ላሟም ስታመነዥክ ሚቴን የተባለ ሙቀት አማቂ ጋዝ ታወጣለች። በዓለም አቀፍ አማካይ አንድ ኪሎ ቺዝ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ሙቀት አማቂ ጋዝ ሲያስከትል፣ አንድ ኪሎ የአልመንድና የካሹ ዓይነት ፍሬ ከ1 ኪሎ ግራም በታች ነው።

ጸሐፊው ካሹን መውቀስ ከፈለጉ ግን ከውሃው የባሰ ነገር ነበራቸው። የካሹ ቅርፊት ውስጥ ቆዳ የሚያቃጥል ዘይት አለ። ፍሬውን በእጅ የሚፈለፍሉ ሴቶች፣ በተለይ ጓንት በማይሰጥበት ቤት፣ ጣቶቻቸው ይጠቁራሉ፣ ይቆስላሉ። እኛ ማምረቻ ውስጥ ካሹው የሚመጣው ነጭ ሆኖ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ ነበር። ማን እንደፈለፈለው ስጠይቅ አለቃዬ «ቬትናም» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ዋጋው አይቀመስም ለሚለው፦ እውነት ነው፤ ከወተቱ ቺዝ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሸጣል። ካሹ ራሱ ውድ ነው፤ ማምረቻዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ የወተት ገበሬው ደግሞ ከመንግሥት ድጋፍ ያገኛል። ዶሮ ወጥም በአዘቦት ቀን አይሠራም።

አሁን ወደ ጾሙ። ጸሐፊው «አልሸሹም ዞር አሉ» ማለታቸው ለንባብ ይጥማል፤ እኔም ፈገግ ብያለሁ። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ አደባልቀዋል። አንደኛው ሥርዓት ነው። ቤተ ክርስቲያን በጾም የምትከለክለው ጥሉላት ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል። ካሹ ጥሉላት አይደለም፤ ባክቴሪያ ገባበት ተብሎም ጥሉላት አይሆንም፤ እንዲያማ ቢሆን የእንጀራው እርሾም አይተርፍም ነበር። ሁለተኛው የልብ ጉዳይ ነው፦ ሆድህ የለመደውን ሁሉ በሌላ መንገድ ካገኘ ምኑን ጾምከው? ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ጥያቄው ለካሹ ቺዝ ብቻ አይመጣም፤ ለበያይነቱም፣ ለጾም ኬኩም፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ ለምንቀምሰው ሁሉ ይመጣል። የሚመልሰውም የንስሐ አባት እንጂ የምግብ ጸሐፊ አይደለም። አንድ ምእመን ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዓመት 180 ቀን ገደማ ይጾማል፤ ሁሉንም አጽዋማት ለሚጾም 250 ቀን ገደማ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ቀን ወጥ ቤቱ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ሱፍ ፍትፍትን፣ ተልባን፣ ስልጆን ፈጥሯል። ጾሙ እኮ ነው ሙያውን ያመጣው።

የመጨረሻው የገበሬው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ከልባቸው እንደተቆረቆሩ ስለሚታይ በአክብሮት እመልሳለሁ። በኢትዮጵያ የወተት ገበያ ትልቁ ራስ ምታት ጾሙ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ፈላጊ ይጠፋል፤ ላሟ ግን አትጾምም፤ ጠዋት ማታ ትታለባለች። አርቢው ወተቱን አውርዶ ይሸጠዋል፣ ወይም ንጦ ቅቤውን ለፋሲካ ያኖረዋል። ያኔ ገበያ ላይ የሚፈለገው የጾም ምግብ ነው። እንግዲህ የጾም ቺዝ የሚሸጠው ወተት በማይሸጥበት ቀን ነው፤ ከማን ገበያ ነው የሚነጥቀው? ያ የጾም ምርት ከካሹ መሆንም የለበትም። ካሹ ከባሕር ማዶ በዶላር የሚመጣ ነው። ባቢሌ ኦቾሎኒ አለ፤ ሱፍና ሰሊጥ አለ። ከእነዚህ የሚሠራ ካለ የሚከፈለው ለሌላ ገበሬ ነው፤ አንዳንዴም ላም ያለው ያው ገበሬ ነው። ኦቾሎኒ ሲሻግት አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ እንደሚያፈራ ግን ማንም እንዳይረሳ፤ ተለቅሞና ደርቆ የተቀመጠ ካልሆነ ቺዝ አይደረግም።

ኦቾሎኒውን ሞክሬዋለሁ። ምንም ባደርገው ኦቾሎኒነቱ አልለቅ አለ፤ ጨው የተጨመረበት የለውዝ ቅቤ ሆኖ ቀረ። ባለፈው ዓርብ ደግሞ ሱፍ ሞከርኩ። አጥቤ፣ ቀቅዬ፣ ፈጭቼ፣ በሻሽ ጨመቅኩት፤ ነጭ፣ ወፈር ያለ ውሃ ወጣው። እሳት ላይ ለዘብ አድርጌ ጥጄ ሎሚ ጠብ ሳደርግበት ቀስ ብሎ ተቆራረሰ። አጥልዬ ጨው ነሰነስኩበት። ላላ ያለ ነው፤ ለመቆረጥ እሺ አይልም። ግን ጎመን ላይ ሲያደርጉት ይሄዳል።

ማታ ለእናቴ ደወልኩላትና ነገርኳት። አይብ ነው ቺዝ ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

«አጓቱንስ?» አለች። «ደፋኸው?»

ደፍቼው ነበር።